ካርቶኑ «525 እጥፍ» ይላል፣ ሰማዩ ግን ጥቁር ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ቴሌስኮፕ አይፒስ

ከወሎ የሚደርሱን ደብዳቤዎች በዝተዋል። ገሚሱ ከዓረብ አገር በዘመድ ሻንጣ ስለመጣ ቴሌስኮፕ ነው፤ ጥያቄውም ዞሮ ዞሮ «እንዴት አድርጌ የበለጠ ላጉላ?» የሚል ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለአይፒስና ለአጋዦቹ ብቻ ሰጥተነዋል። አይፒስ የምንለው ቴሌስኮፑ ላይ የሚሰካውን፣ ዓይን የሚጠጋበትን ትንሹን የሌንስ ቱቦ ነው። ባርሎው ደግሞ ከአይፒሱ በፊት ተሰክቶ ማጉላቱን የሚያባዛ ሌንስ ያለበት ቱቦ ነው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል።

«ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ወንድሜ ከጅዳ ያመጣልኝ ቴሌስኮፕ ላይ 76700 የሚል ቁጥር አለ። ካርቶኑ 525 እጥፍ ያጎላል ይላል። 20፣ 12.5 እና 4 የሚሉ ሦስት አይፒሶች፣ 3 እጥፍ የሚል ባርሎው፣ ደግሞ 1.5 እጥፍ የሚል ረዘም ያለ ቱቦ አብረው መጥተዋል። ባርሎውንና ባለ 4ቱን አንድ ላይ ስሰካ ጨረቃ እንኳ ግራጫ ጉም ትሆናለች፤ ሌላው ጨለማ ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅሁበት?»
ከደሴ፣ ሸዋ በር

ዕቃው አልተበላሸም፣ እርስዎም አላጠፉም። ያጠፋው ካርቶኑ ነው።

76700 ሁለት ቁጥር ነው፤ 76ቱ የዋናው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር፣ 700ው ደግሞ ፎካል ሌንግዙ፣ ማለትም ከመስታወቱ ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስከሚሠራበት ድረስ ያለው ርቀት። ማጉላት የሚታወቀው ፎካል ሌንግዙን አይፒሱ ላይ ለተጻፈው ቁጥር በማካፈል ነው። ባለ 20ው 35 እጥፍ፣ ባለ 12.5ቱ 56 እጥፍ፣ ባለ 4ቱ 175 እጥፍ ያጎላል። 175ን በባርሎው 3 ያባዙት፤ 525 ይመጣል። ስሌቱ ልክ ነው። ግን ለዚያ ሁሉ ማጉላት የሚበቃ ብርሃን ከየት ይመጣል?

መስታወቱ የሚሰበስበው ብርሃን የተወሰነ ነው። ማጉላቱ ሲጨምር ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። ከ35 እጥፍ ወደ 525 ሲሄዱ ምስሉ በጎን 15 ጊዜ፣ በስፋት 225 ጊዜ ይለጠጣል፤ ስለዚህ 225 ጊዜ ይደበዝዛል። ለአሥር ሰው የተፈላ ቡና ላይ ውሃ እየጨመሩ መንደሩን ሁሉ ማጠጣት ነው፤ ስኒው ይሞላል፣ ቡናው ግን የለም። ሌላም መለኪያ አለ። 76ን ለማጉላቱ ቢያካፍሉ ከአይፒሱ ወደ ዓይንዎ የሚገባው የብርሃን ክብ ስንት እንደሚሰፋ ያገኛሉ። በ35 እጥፍ 2.2 ሚሊሜትር ነው፤ ደህና ነው። በ175 እጥፍ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ይወርዳል። በ525 እጥፍ 0.14 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የአንድ ሁለት ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። ክቡ ግማሽ ሚሊሜትር ሲደርስ ገና በዓይናችን ውስጥ የሚንሳፈፉት ትንንሽ ጥላዎች መታየት ይጀምራሉ፤ ብዙ ሰው «ሌንሱ ቆሽሿል» ብሎ የሚጠርገው ያኔ ነው።

በልምድ የሚሠራበት ልክ ይህ ነው፦ አንድ ሚሊሜትር ስፋት ቢበዛ 2 እጥፍ ይሸከማል። የእርስዎ 76 ነውና ጣሪያዎ 152 እጥፍ ነው፤ እሱም አየሩ ጸጥ ባለበት ሌሊት። ባለ 4ቱ አይፒስ ብቻውን ጣሪያውን አልፏል፣ ባርሎው ሳይጨመርበት።

ደግሞ ምድር ትዞራለች። ከአይፒሱ ውስጥ የሚታየው የሰማይ ክብ በ525 እጥፍ በጣም ስለሚጠብ ጁፒተር ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር 14 ሰከንድ አይፈጅበትም። እግሩ ቀጭን በሆነ ትሪፖድ ላይ መዘውሩን ነክተው ንዝረቱ እስኪቆም ብቻ አራት አምስት ሰከንድ ይሄዳል። በባለ 20ው ግን ከአራት ደቂቃ በላይ ተረጋግተው ያያሉ።

እንዲህ ያድርጉ። ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ በባለ 20ው ይፈልጉ፤ መሃል ላይ ካስገቡት በኋላ ወደ 12.5ቱ ይለፉ። የጁፒተር አራቱ ጨረቃዎች በ35 እጥፍ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ በ56 እጥፍ ሁለቱ ጥቁር መቀነቶቹ ይጨመራሉ። የሳተርን ቀለበት በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በጠርዙ ወደኛ ዞሮ ከዓይን ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከዓመት ዓመት እየተከፈተ ነውና በ56 እጥፍ ከፕላኔቱ ተለይቶ ይታይዎታል። ባለ 4ቱን ለጨረቃ ብቻ ያቆዩት። ባለ 3 እጥፉን ባርሎው ወደ ካርቶኑ ይመልሱት። 1.5 የሚለው ረጅም ቱቦ ምስል የሚያቀና ነው፤ በቀን የጦሳን ተራራ ለማየት ይሆናል፣ ለሰማይ አይሆንም።

አዲስ ሊገዙ ካሰቡ መጀመሪያ የአይፒስዎን እግር በማስመሪያ ይለኩ። የውጭ ስፋቱ 31.7 ሚሊሜትር ከሆነ እሰየው፣ በየትም የሚሸጠው ያ ነው። 24.5 ከሆነ ግን ያረጀ መጠን ነው፤ አዲስ አይፒስ ከመግዛትዎ በፊት ከ24.5 ወደ 31.7 የሚያሸጋግር ቀለበት ያስፈልግዎታል። አይፒሱ ጠርዝ ላይ የተጻፉትን የላቲን ፊደላትም ይመልከቱ። ኤች ማለት ሁይገንስ ነው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ባለ ሁለት ሌንስ አሠራር። ኤስ አር ራምስደን ነው፣ እሱም ሁለት ሌንስ ነው፤ እይታው እንደ ቀዳዳ የጠበበ ነው። ኬ ኬልነር ነው፣ ባለ ሦስት ሌንስ፣ ይሻላል። ፒ ኤል ፕሎስል ነው፤ የቪየናው ባለሙያ ፕሎስል እ.ኤ.አ. በ1860 የሠራው ባለ አራት ሌንስ፣ ዛሬም ለገንዘቡ የሚተካከለው የለም። ለእርስዎ ባለ 10 ፕሎስል 70 እጥፍ ይሰጣል፤ ኋላ ባለ 6 ቢጨምሩ 117 እጥፍ። ከዚያ በላይ ምንም አይግዙ።

«130 በ650 የሆነ ቴሌስኮፕ አለኝ፤ 25 እና 10 ሚሊሜትር አይፒሶች አብረውት መጡ። እህቴ ከዱባይ በቅርቡ ስለምትመጣ አንድ ነገር ብቻ ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች። ባለ 2 እጥፍ ባርሎው ልበላት ወይስ ባለ 6 ሚሊሜትር አይፒስ? ባርሎው ያለኝን ሁሉ እጥፍ ያደርጋል ይሉኛል።»
ከኮምቦልቻ

እጥፍ ማድረጉ እውነት ነው፤ ሒሳቡን ግን እስከ ጫፍ ይሥሩት። ዛሬ በእጅዎ ያለው 26 እና 65 እጥፍ ነው። ባርሎው ሲጨመር 52 እና 130 ይመጣሉ። 52 እና 65 በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ያተረፉት 130ን ብቻ ነው። እሱንም ያገኙት በባለ 10ው በኩል ነው። በካርቶን አብሮ የሚመጣ ባለ 10 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ ደካማው ነው። ባርሎው ደካማን አይፒስ አያድነውም፣ ድክመቱን አጉልቶ ያሳያል እንጂ።

ስለዚህ አንድ ብቻ ከሆነ ባለ 6ቱን ያስመጡ፤ 108 እጥፍ ይሰጥዎታል፣ በአብዛኛው ሌሊት የሚሠራበት ልክም እዚያ አካባቢ ነው። ፕሎስል ሳይሆን የእይታው ስፋት 66 ዲግሪ የሚል፣ አንገቱ ላይ ወርቃማ መስመር ያለበት ርካሽ ዓይነት አለ። ብዙ ስም ተለጥፎበት ይሸጣል፣ ዕቃው ግን አንድ ነው። በዚህ ዓይነት 6 እና 9 ሚሊሜትሮቹ በጣም ጥሩ ናቸው። 15 እና 20ዎቹን ግን አይግዙ። የእርስዎ ቴሌስኮፕ 650 ለ130 ሲካፈል 5 ነው፤ በእንዲህ ያለ አጭር ቴሌስኮፕ ላይ ዳር ዳር ያሉ ከዋክብት ክንፍ አውጥተው ወፍ ይመስላሉ።

ኋላ ባርሎው መግዛትዎ አይቀርም። ያኔ ሁለት ነገር ይመልከቱ፤ አካሉ ብረት ይሁን፣ የታችኛው የሌንሱ ክፍል ደግሞ በጥርስ የሚፈታ ይሁን። ክፍሉን ፈትተው በቀጥታ ከአይፒሱ ሥር ቢያሰሩት፣ ሌንሱ ወደ አይፒሱ ስለሚቀርብ ማጉላቱ ከ2 ወደ 1.5 ገደማ ይወርዳል። በአንድ ባርሎው ሁለት ሥራ ማለት ነው፤ ባለ 10ው 97፣ አልያም 130 ይሆናል። ባለ 3 እጥፍና ባለ 5 እጥፍ የሚባሉትን ይለፏቸው።

አይፒሱን ከመውቀስዎ በፊት ግን መስታወቶቹ መስመር ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ። እንዲህ አጭር የሆነ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ በመኪና እስከ ኮምቦልቻ ሲመጣ የመስታወቶቹ አቀማመጥ መናጋቱ የተለመደ ነው፤ የተናጋ መስታወት ደግሞ በ26 እጥፍ አይታወቅም፣ በ108 ግን ጁፒተርን ቅቤ የተቀባ ያስመስለዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ደመቅ ያለ ኮከብ መሃል ላይ ያስገቡና ፎከሱን ትንሽ ያበላሹት። ኮከቡ እንደ ዳቦ ክብ ይሆናል፣ መሃሉ ላይም የትንሹ መስታወት ጥቁር ጥላ ይታያል። ጥላው በትክክል መሃል ከሆነ ደህና ነው። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ከቱቦው ኋላ ያሉትን ሦስት ብሎኖች በሩብ ዙር፣ አንድ በአንድ እየነኩ፣ ኮከቡንም በየጊዜው ወደ መሃል እየመለሱ ያስተካክሉ።

አንድ ነገር ከጥያቄዎ ውጭ። ቴሌስኮፑ ክብደት የሚንጠለጠልበት ዘንበል ያለ ማቆሚያ ላይ ከሆነ ዲግሪውን ወደ 11 ማውረድ አለብዎት፤ ወሎ ከምድር ወገብ ያን ያህል ነው የሚርቀው። እነዚህ ማቆሚያዎች የተሠሩት ለአውሮፓ ስለሆነ በ11 ዲግሪ ክብደቱ የትሪፖዱን እግር ይገጫል። አንዱን እግር በቀጥታ ወደ ደቡብ ያዙሩት፣ ክብደቱ በሁለቱ እግሮች መካከል ያልፋል።

«በ90 በ900 ቴሌስኮፕ ላይ ባለ 6 ሚሊሜትር ፕሎስል ገዝቼ ስሰካው የማየው ጥቁር ክብና አልፎ አልፎ ብልጭ የሚል ብርሃን ነው። መነጽር አደርጋለሁ። ልጄ ግን በደንብ ይታየኛል ትላለች።»
ከወልድያ፣ መምህር

ልጅዎ ትክክል ነች። ዓይን ከሌንሱ ስንት መራቅ እንዳለበት የሚወስነው አይፒሱ ነው። በፕሎስል ይህ ርቀት ከቁጥሩ ሰባ ከመቶ ገደማ ነው፤ ባለ 20ው 14 ሚሊሜትር፣ ባለ 6ቱ 4 ሚሊሜትር ብቻ። መነጽርዎ ብቻውን ከዚያ በላይ ቦታ ይይዛል፤ ሽፋሽፍት እንኳ ሌንሱን ይነካል።

መፍትሔው እንደ መነጽርዎ ዓይነት ነው። መነጽሩን በተዘረጋ እጅ ይዘው፣ በአንዱ ሌንስ በኩል የበር ጠርዝ እያዩ እንደ ሰዓት ቀስ ብለው ያዙሩት። የበሩ መስመር ካልተንጋደደ ችግርዎ የሩቅ ወይም የቅርብ እይታ ብቻ ነው፤ መነጽሩን አውልቀው ፎከሱን ማስተካከል ይበቃል፣ ቴሌስኮፑ ራሱ መነጽር ይሆናል። መስመሩ አብሮ ከተንጋደደ ግን አስቲግማቲዝም፣ ማለትም የዓይን ፊት ጉብታ እኩል አለመሆን፣ አለብዎት፤ ይህን ፎከስ አያስተካክለውም። እንዲህም ሆኖ ችግሩ የሚጎላው በትንሽ ማጉላት፣ የብርሃኑ ክብ ሰፊ ሲሆን ነው። በእርስዎ ቴሌስኮፕ ከ90 እጥፍ በላይ ክቡ ከ1 ሚሊሜትር ስለማይበልጥ ብዙ ሰው ያለ መነጽርም ይመቸዋል።

መነጽሩን ማውለቅ ካልፈለጉ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር የዓይን ርቀት ያለው አይፒስ ይፈልጉ፤ ከላይ ለኮምቦልቻ አንባቢ የጠቀስነው ባለ 9 ለእርስዎ 100 እጥፍ ይሰጣል። ወይም ባለ 20 ፕሎስል በባለ 2 እጥፍ ባርሎው ላይ ይስኩ፤ ማጉላቱ 90 ይሆናል፣ የዓይን ርቀቱ ግን የባለ 20ው እንደሆነ ይቆያል። የላስቲኩን ጆሮ አጥፈው መጠቀምም አይርሱ፣ መነጽሩን ይፍቀዋል ብለው አይፍሩ፣ የሚፍቀው ብረቱ ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ከ70 በ700 ቴሌስኮፑ ጋር ፀሐይ ለማየት የተባለ ጥቁር አረንጓዴ መስታወት መጥቷል፤ በአይፒሱ ሥር የሚጠመዘዝ ነው። በ2019 ሐምሌ የፀሐይ ግርዶሽ አለ ስለተባለ ልጆቹን በእሱ ላሳያቸው አስቤ ነበር።»
ከሐይቅ

ወዓለይኩም ሰላም። ያንን መስታወት ዛሬውኑ በመዶሻ ሰብረው ይቅበሩት። አይስጡት፣ አይሽጡት፣ «ለሌላ ጊዜ» ብለው ሳጥን ውስጥ አያቆዩት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ባለ 70 ሌንስ በቀን ብርሃን የጠበበች የዓይን ብሌን ከምታስገባው ከ500 ጊዜ በላይ ብርሃን ይሰበስባል፤ መስታወቱ የተቀመጠው ደግሞ ያ ሁሉ ሙቀት ተሰብስቦ በሚያርፍበት ቦታ አጠገብ ነው። ይግላል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድንገት ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ የሚያይ ልጅ ዓይኑን እስኪጨፍን ጊዜ የለውም፤ ቃጠሎውም ስለማያም ጉዳቱን የሚያውቀው ኋላ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና በታየችበት ጊዜ ሰዉ ያደረገው የካርቶን መነጽርም እዚህ አያድንም። እሱ ለባዶ ዓይን ነው፤ ከአይፒስ ኋላ ቢደረግ ይበሳል።

የሚፈቀደው ማጣሪያ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ብርሃኑ ወደ ቴሌስኮፑ ከመግባቱ በፊት፣ አፉ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚገጠም፣ ለቴሌስኮፕ የተሠራ የፀሐይ ፊልም። ነፋስ እንዳይወስደው በፕላስተር ያስሩት፣ ከመጠቀምዎ በፊትም ወደ ፀሐይ አቅንተው ቀዳዳ እንደሌለው ይፈትሹ። ማነጣጠሪያዋን ትንሽ ቱቦም ይክደኑ ወይም ይንቀሉ፤ እሷም ዓይን ታቃጥላለች።

ፊልም ካላገኙ በወረቀት ላይ ያሳዩአቸው። የቴሌስኮፑን አፍ በካርቶን ሸፍነው 40 ሚሊሜትር ያህል ክብ ቀዳዳ ይክፈቱበት፣ ባለ 20ውን አይፒስ ይስኩ፣ ከአይፒሱ 30 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ነጭ ወረቀት ይያዙ። 9 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያላት ፀሐይ ታርፍበታለች። ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ ሲያዞሩ በዓይን አያነጣጥሩ፤ መሬት ላይ የሚያርፈው የቱቦው ጥላ በጣም ትንሽ እስኪሆን ድረስ ያዙሩት። ከላይ ስንወቅሰው የቆየነው ሁይገንስ አይፒስ የሚከበረው እዚህ ሥራ ላይ ነው፤ ሌንሶቹ በሙጫ ስላልተጣበቁ ሙቀቱ አያላቅቃቸውም። አካሉ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ይቀልጣልና በየሁለት ደቂቃው ያሳርፉት። ቴሌስኮፑ አጠገብም ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ይቁም።

ግርዶሹ ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ነው። ሙሉ የሚሆነው በግብፅ፣ በሳዑዲ፣ በየመን በኩል ሲሆን ለእኛ ቀትር ካለፈ በኋላ በከፊል ይታያል። ክረምት ነውና ደመናው ከፈቀደ።

በነገራችን ላይ ለጨረቃ የሚሸጠው ግራጫ ማጣሪያ አይጎዳም፣ ግን የግድ አይደለም። ሙሉ ጨረቃ ዓይን የምትወጋው ጨለማ ውስጥ ስለተቀመጡ ነው፤ የበረንዳ መብራት ማብራት ያው ሥራ ይሠራል።

«ላሊበላ ውስጥ ለእንግዶች ሰማይ እናሳያለን። ቴሌስኮፓችን 150 በ1200 ዶብሶንያን ነው። በየሰው አይፒስ መቀያየር አሰልቺ ሆነብን። ከ8 እስከ 24 የሚዞር ዙም አይፒስ ይሻላል? ደግሞ አንዳንድ ሌሊት 150 እጥፍ ድንቅ ነው፣ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ሁሉም ይንቀጠቀጣል።»
ከላሊበላ

ለብቻው ለሚያይ ሰው ዙም አንመክርም፤ ለእናንተ ሥራ ግን ትክክለኛው ዕቃ ነው። ከ50 እስከ 150 እጥፍ በአንድ ጠመዝማዛ ይሄዳል፣ እንግዳው ራሱ እያዞረ የሚመቸውን ያገኛል። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ በ24 ላይ ሲሆን እይታው ወደ 40 ዲግሪ ይጠብባል፣ በ8 ላይ ወደ 60 ይሰፋል፤ ሰፊ እይታ በጣም የሚያስፈልገው በትንሹ ማጉላት ሆኖ ሳለ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ባለ 32 ፕሎስል አብሮት ይኑራችሁ። 37 እጥፍ ገደማ ነው፣ ከ1.3 ዲግሪ በላይ ሰማይ ያሳያል፤ ከሁለት ጨረቃ በላይ ጎን ለጎን ያስገባል። ሁሉንም ነገር በእሱ ፈልጋችሁ ካገኛችሁ በኋላ ዙሙን ስኩ።

ዶብሶንያን በእጅ የሚገፋ ስለሆነ ለወረፋ የሚመቸው ሰፊ እይታ ነው። በ150 እጥፍ በ50 ዲግሪ አይፒስ አንድ ፕላኔት ከዳር እስከ ዳር 80 ሰከንድ ይቆያል፣ በ66 ዲግሪው 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ። ፕላኔቱን ሁልጊዜ ከሚገባበት ዳር ላይ አስቀምጡና እንግዳውን ጥሩ፤ እሱ አጎንብሶ እስኪያይ መሃል ይደርሳል። የሻጭ ቁጥር ካላመናችሁ የአይፒሱን እይታ ራሳችሁ ለኩ፦ ከኦሪዮን መታጠቂያ ሦስት ከዋክብት ቀድሞ የሚወጣውን ከዳር እስከ ዳር እስኪሻገር በሰዓት ያዙት፣ ሰከንዱን ለ240 አካፍሉ፤ ያ በዲግሪ የሚታየው ሰማይ ነው። ቴሌስኮፑ ሳይነካ፣ ኮከቡም በክቡ መሃል በኩል ማለፍ አለበት።

መንቀጥቀጡ ከአየሩ ነው፤ ከአይፒሱ አይደለም። ከፍታ ላይ መሆን ሰማዩን ያጠራዋል፣ አየሩን ግን ጸጥ አያደርገውም። ቀን ሲግል የዋለ ቆርቆሮ ጣሪያና አለት ማታ ሙቀቱን ይተፋል፤ በእነሱ በላይ አታነጣጥሩ። ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው ከቱቦው ፊት አይቁም። ቴሌስኮፑን ከቤት ካወጣችሁ በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ውጭ ይቀዝቅዝ፤ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ አንድ ሰዓት አይበዛበትም። ከዚያ የጨረቃን ጠርዝ እዩ። እንደሚፈላ ውሃ ከተንተከተከ ወደ 100 እጥፍ ውረዱ፣ ካልተሻለው ወደ 75። እኛ ግን ከአውሮፓውያን የምንሻልበት አንድ ነገር አለን፤ ፕላኔቶቹ በአናታችን አካባቢ ያልፋሉ። ወደ ላይ ቀጥ ብለን ስንመለከት የምናልፈው አየር ከሁሉ ቀጭኑ ነውና ለከፍተኛ ማጉላት እዚያ እስኪደርሱ ጠብቁ።

ከመመሪያ መጽሐፋችሁ የማታገኙት አንድ ነገር፦ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በስተደቡብ 30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባል የከዋክብት ክምችት አለ። በባዶ ዓይን የደበዘዘ ኮከብ ይመስላል። ዙሙን 15 ላይ አድርጉት፤ በ80 እጥፍ የተበተነ ጤፍ ይሆናል። ለእንግዳ ከሳተርን ቀጥሎ የሚያስጮኸው እሱ ነው።

«የኔ 70 በ400 ነው። ጁፒተርን ሳይ መሃሉን የሚሰነጥቅ ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር አለ፣ ዙሪያውም ወይን ጠጅ ይሆናል። አይፒሱን ልቀይር?»
ከአቀስታ

አይፒሱን አይቀይሩ። መስመሩ የሚመጣው በአይፒሱና በቱቦው መካከል ካለው ባለ 45 ዲግሪ ምስል አቅኚ ፕሪዝም ነው፤ ፕሪዝሙ ሁለት ጣሪያ መሰል ገጾች አሉት፣ የሚገናኙበት ጠርዝ በደማቅ ነገር ላይ መስመር ይጥላል። በ31.7 ሚሊሜትር ባለ 90 ዲግሪ ዳያጎናል፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ጎን በሚያጥፍ መስታወት፣ ይተኩት። ግራና ቀኝ ይገለበጥብዎታል፣ ለሰማይ ችግር የለውም፤ አንገትዎም ያርፋል። ወይን ጠጁ ከፊት ሌንሱ ነው፣ አጭር ሌንስ ቀለም ይበትናል፣ ምንም አይፒስ አያጠፋውም። ከ80 እጥፍ በላይ አይሂዱ። ባርሎው ካለዎት ከዳያጎናሉ በፊት ቢሰኩት 2 እጥፉ ወደ 3 ይጠጋል፤ ባለ 15 አይፒስ ካለዎት እዚያው 80 ያደርስዎታል።

«በቆላ አቧራ አይፒሶቼ ቆሸሹ። በነጠላ ጫፍ ስጠርጋቸው ጭረት አወጡ። አንዱ ላይ ደግሞ ከክረምት በኋላ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከውስጥ አየሁ።»
ከቆቦ

አቧራ በጨርቅ አይጠረግም። የቆቦ አቧራ ደቃቅ አሸዋ ነው፤ ነጠላው የያዘው እሱን ነው፣ ሌንሱን የፋቀውም እሱ ነው። መጀመሪያ በላስቲክ ፓምፕ ይንፉ፤ በአፍ አይሆንም፣ ምራቅ ይረጫል። የጣት ቅባት ከቀረ ለሌንስ በተሠራ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ያድርጉ፣ ወረቀቱን እርጥብ አድርገው ከመሃል ወደ ዳር ሳይጫኑ አንድ ጊዜ ይሳቡ፣ ወረቀቱን ይጣሉ። አልኮሉን ሌንሱ ላይ አያፍስሱ፤ በጠርዙ ሰርጎ ይገባል። ካቲካላ አይሞክሩ፣ ሲደርቅ እድፍ ይተዋል። ሌንሶቹን አይፍቱ፤ ቅደም ተከተላቸው ከተቀየረ መመለሱ ከባድ ነው። ትንሽ አቧራ ምስሉን አይነካም፣ ይተዉት።

ድር የመሰለው ሻጋታ ነው። የሚወልደው እርጥበትና ጨለማ ነው፤ ማታ ጤዛ ያረፈበትን አይፒስ ወዲያው ክዳን ዘግቶ በቆዳ ከረጢት መክተት ዋናው ጥፋት ነው። ጤዛ ሲያርፍበት አይጥረጉት፣ ሳይከድኑ ቤት ውስጥ ያድር። በክረምት የማይጠቀሙባቸውን በጥብቅ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሚገኙት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች አራት አምስት ጨምረው ያስቀምጡ፤ ያረጁትን ከረጢቶች በምጣድ ዳር በለሰለሰ እሳት ማድረቅ ይቻላል። ሻጋታው መስታወቱን ከበላው ቦታው አይለቅም፣ ፕሎስል ከሆነ ሌላ መግዛት ይቀላል። እስኪገዙም ድረስ ይጠቀሙበት፣ ከሌሎቹ ጋር ግን በአንድ ዕቃ አያሳድሩት።